ከሶልያና መስመር ሥር

ወይዘሮ ሶልያና መጋረጃዋን ስትገልጥ ከመስኮቷ ሥር ድንኳን ተተክሎ አየች። አልደነገጠችም። በሰባተኛው ሳይት ድንኳን ብርቅ አይደለም፤ ሰው በሞተበት ብሎክ ፊት ይተከላል፣ በሦስተኛው ቀን ራሱን አጥፎ ወደ መጋዘኑ ይመለሳል። ማን እንደሞተ ለመጠየቅ ነጠላዋን ጣል አድርጋ በሩን ከፈተች። ደረጃው ላይ ሰው ተሰልፏል። ከሰዎቹ ኋላ የእድሩ ወንበሮች እግራቸውን እያነሱ አንድ በአንድ ደረጃውን ይወጣሉ።

ከፊት የቆመችው የሁለተኛው ፎቅ ሀሴት ነበረች። ሶልያናን እንዳየች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እግዜር ያጽናሽ ሶልዬ።»

«ማን ሞቶ ነው?»

ሀሴት ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ በእውነት እንባ አቅርሯል።

«የአንቺው ነዋ» አለች ቀስ ብላ።

ሶልያና የሞተባት አንድ ሰው ነው። ባሏ ያፌት ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ይህንኑ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሰዎቹ በጎንና በጎኗ እያለፉ ገቡ፤ ወንበሮቹም ተከትለው ገብተው ሳሎኑን ሞሉት። አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን በሩ ላይ እያወለቁ «ነፍስ ይማር» አሏት።

«እኔ ቤት ማንም አልሞተም» አለች ሶልያና።

ማንም አልተከራከራትም። ሽማግሌው አጠገባቸው ወደተቀመጠው ሰው ዘወር ብለው «መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ ታላቅ ወንድሜ የሞተ ጊዜ እኔም ምሳ አቀረቡልኝና ለሱም አስቀምጡለት ብዬ ነበር» አሉ።

በዚህ መካከል ከግድግዳው የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። ድምፁ ከሁሉም ቤት ግድግዳ እኩል ስለሚወጣ ብሎኩ ራሱ የሚያለቅስ ይመስላል። «የወይዘሮ ሶልያና ተፈሪ ቤተሰብ የሆኑት አቶ ኤባ ደሬሳ አርፈዋል። ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በቤተሰቡ ቦታ ይፈጸማል።»

ኤባ ደሬሳ ማለት ከሷ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ የሚኖረው ሰው ነው። ክረምቱ ሲገባ ብቻውን መጣ። በደረጃው ሲተላለፉ ግድግዳውን ታክኮ ያሳልፋታል፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል፣ ስሙን ካስመዘገበበት ቀን በቀር ከዚያ በላይ ተነጋግረው አያውቁም። ማታ ማታ ወንበሩን ሲጎትት ጣራዋ ላይ ይሰማታል። ካለፉት ሁለት ምሽቶች ወዲህ ድምፁ ጠፍቶ ስለነበር እፎይ ብላ ነበር።

ሰውየው መሞቱ አሳዘናት። ያስደነገጣት ግን የጡሩንባው የመጨረሻ ቃል ነው፤ በቤተሰቡ ቦታ። በሰባተኛው ሳይት አንድ ቤተሰብ የሚሰጠው አንድ ጉድጓድ ሲሆን ሁለት ሰው አንዱ በአንዱ ላይ ይይዛል። ከታች ያፌት አለ። ከላይ ያለው የሶልያና ነው። እሁድ እሁድ ሄዳ ጫፉ ላይ ትቀመጣለች፤ ምን እንደምታስብ የጠየቃት የለም፣ እሷም ለማንም ነግራ አታውቅም። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ያ ቦታ በማታውቀው ሰው ሊሞላ ነው።

«ይህ ሰው የኔ አይደለም» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «ተሳስታችኋል። ወደ ቤታችሁ ሂዱ።»

«ሰው የለኝም ስትይኝ እኮ አምኜሽ ነበር» አለች ሀሴት እጇን ይዛ።

«የለኝም።»

«እሺ፣ አሁን አትናገሪ። ሲወጣልሽ ትነግሪኛለሽ።»

ከጥግ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ በሹክሹክታ «የሚለያያቸው እኮ አንድ ደረጃ ነው» አለች።

«ለሊፍት እንኳ አላወጡም» ብላ መለሰች ሌላዋ። ሁለቱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መለየት አይቻልም።

ሰዎቹን በክፉ ልታያቸው አልቻለችም። ልቅሶ የሚደርስ ሰው ከሥራ ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱ የሚቆጠርለት ግን የእድሩ ጽሑፍ፣ የቤተሰቦቹ ዝርዝር፣ በሚያመለክተው ቤት ተገኝቶ ሲቀመጥ ነው። ጽሑፉ ሶልያና ቤት ብሏል፣ ሶልያና ቤት መጥተዋል። ስህተቱ እነሱ ጋ እንዳልሆነ ገባት። ጽሑፉን ደግሞ የሚጽፈው ሌላ ሰው አይደለም። የዘንድሮዋ የእድሩ ጸሐፊ ራሷ ናት።

ወደ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ኪቦርዱ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ድምፅን ማንም አስመስሎ መሥራት ከቻለበት ጊዜ ወዲህ የእድር ጽሑፍ የሚነካው በጣት ብቻ ነው። ኤዲተሩ ጥቁር ገጽ ነው። ሥዕል የለውም፣ መንካት አይቀበልም፣ ሁሉም ነገር በቁልፍ ነው። ስሞቹ ነጭ ሆነው ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ቤተሰብ ከዳር ይጀምራል፤ የቤቱ ሰዎች ከሥሩ ገባ ብለው ይጻፋሉ። ገጹን ወደ ታች አወረደችው። መጨረሻው እንዲህ ይላል።

ያፌት መንግሥቱ
    ሶልያና ተፈሪ
        ኤባ ደሬሳ

የእድሩ ጸሐፊ የራሱን ቤት መጨረሻ ላይ ይጽፋል፤ ሰውን ላለመቅደም ነው፣ የቆየ ወግ ነው። ሶልያናም ተራዋ ሲደርስ የያፌትንና የራሷን መስመር ቆርጣ ከሁሉ በታች አወረደች። ኤባ ሲመዘገብ ገጹ መጨረሻ ሄዳ፣ ከስሟ በኋላ ኢንተር ተጭና ስሙን ጻፈች። መስመሩ በራሱ ገባ ሲል አይታለች። ለዓይን እንዲያምር የተደረገ መስሏት ተወችው። ልጅ ሆና አስተማሪዋ አዲስ ሐሳብ ሲጀመር ከዳር አንድ ጣት ያህል ተለክቶ ገባ ይባላል ብላ አስተምራታለች፤ ሶልያና ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚስትሪ አጥንታ፣ ኬሚስትሪ አስተምራ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ከመስመር ፊት ያለ ባዶ ቦታ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብላ አስባ አታውቅም።

መፍትሔው ቀላል መሰላት። ጠቋሚውን ኤባ ላይ አድርሳ መስመሩን ወደ ዳር መለሰችው። ሴቭ አደረገች። ከሳሎን የሚመጣው ልቅሶ ቀጥ አለ። ወዲያው መስመሩ ማንም ሳይነካው ተንሸራቶ ወደነበረበት ገባ። ልቅሶው ካቆመበት ቀጠለ።

ደገመችው። ልቅሶው ቆመ፤ መስመሩ ተመለሰ፤ ልቅሶው ቀጠለ።

ሦስተኛ ጊዜ ስሙን አጥፍታ እንደ አዲስ ጻፈችው። ግድግዳው ጡሩንባውን ነፋ። «የወይዘሮ ሶልያና ተፈሪ ቤተሰብ የሆኑት አቶ ኤባ ደሬሳ አርፈዋል።» ከሳሎን ጩኸት ተነሣ። አንድ ሰው «ሌላ ነው ወይስ ያው ነው?» ሲል ሰማች። ሌላው «ሁለት ቢሆኑስ፣ ማን ያውቃል» አለው።

የእርዳታ ቁልፉን ተጫነች። ለስላሳ የወንድ ድምፅ መጣ።

«ወይዘሮ ሶልያና፣ የሐዘንዎ ተካፋይ ነን።»

«ሐዘን የለብኝም። መስመር ላስተካክል ፈልጌ ነው።»

«ይገባናል። በሐዘን ጊዜ ነገሮች ይምታታሉ። በዚህ ጊዜ የቤተሰብን መስመር መንካት አይመከርም። ጥቂት በጥልቀት ይተንፍሱ።»

«ሰውየው ቤተሰቤ አይደለም።»

«ብዙዎች መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ይላሉ» አለ ድምፁ። የሽማግሌውን ቃል ከሞላ ጎደል እየደገመ መሆኑን ስታስተውል አጠፋችው።

በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ኪሩቤል ነበሩ፤ ከሷ በፊት ጸሐፊ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ስድስት ልጅ ያሳደጉ፣ ወፍራምና ቀልደኛ ሰው ናቸው፤ ቀልዳቸውን ግን እበር ላይ ጥለው የገቡ ይመስላሉ። የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ወይዘሮ ሶልያና፣ ያጽናዎት። ስለ አስከሬኑ መኪና ልጠይቅዎት ነበር የመጣሁት፣ እርስዎ ከፊት...»

«አቶ ኪሩቤል፣ ይህን ይመልከቱ።»

ተመለከቱ። መስመሩን ወደ ዳር አውጥታ ሴቭ አደረገች። መስመሩ ተመለሰ። ከሳሎን ያለው ልቅሶ ትን እንዳለው ሰው ተቆርጦ ቀጠለ።

አቶ ኪሩቤል ግንባራቸውን አሻሹ።

«ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«አገባቡን። ስድስት ልጅ እኮ ነው ያለኝ። ለእያንዳንዱ መስመር ታብ ስጫን ጣቴ ዛለ። ስለዚህ ኢንተር ሲጫኑት አዲሱ መስመር የላይኛውን ተከትሎ ይግባ አልኩት። ደግሞ ልጆቹ ኪቦርዱን እየነካኩ መስመር ሲያበላሹብኝ፣ ሴቭ ሲደረግ የሸሸ ሁሉ ወደ ቦታው ይሰብሰብ አልኩት። ጥሩ ሠርቶልኛል።»

«ለእርስዎ ቤት።»

«ለኔ ቤት» አሉ። «እና ይህ ሰውዬ ምንም አይደለም?»

«ከላይ የሚኖር ሰው ነበር።»

«እኔ ደግሞ ምሥራች ለሚስቴ ነግሬ መጣሁ። ለቅሶ ላይ ምሥራች አይባልም እንጂ፣ ሶልያና ለካ ሰው ነበራት ብዬ...» አልጨረሱትም። «አይቆጡኝ።»

አልተቆጣችም፤ ሰዓቱን አየች። አቶ ኪሩቤል ወደ ኤዲተሩ ማስተካከያ የሚወስዱትን ቁልፎች ነገሯት። ሌላ ጥቁር ገጽ ተከፈተ። ከብዙ መስመሮች መካከል ሁለቱ የእሳቸው ናቸው። አንደኛው «ከኢንተር በኋላ፦ የላይኛውን ተከትሎ ይግባ» ይላል። ሁለተኛው «ሴቭ ሲደረግ፦ ሁሉም ይሰብሰብ»።

ሶልያና ሁለቱንም አጠፋችና በቦታቸው ጻፈች፦ «መስመር ባስቀመጡት ቦታ ይቆይ።»

«ይህን ካደረጉ በኋላ ማንም በራሱ አይገባም» አሉ አቶ ኪሩቤል። «ልጅ ሲወለድ፣ ሙሽራ ስትመጣ፣ እያንዳንዱን በእጅ ማስገባት ነው። ጸሐፊ ቢረሳ ልጁ ዳር ቀረ ማለት ነው።»

«አልረሳም።»

«ከርስዎ በኋላ የሚመጣውስ?»

«እሱም ጣት ይኖረዋል።»

ሊስቁ ነበር፣ ተዉት። ወደ ሳሎኑ በር አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ። «አንድ ነገር ይወቁ። ዳር ያለ ሰው ሥሩ ማንም ካልተጻፈ ሐዘንተኛ የለውም። ድንኳን የለም፣ ጡሩንባ የለም። ሬሳውንም የሚወስዱት ሰው የሌለው ወደሚቀበርበት የጋራ መሬት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ልነግርዎት ያህል ነው። ቦታው የርስዎ ነው፣ ማንም አይወቅስዎትም።»

ወደ ስሞቹ ገጽ ተመለሰች። ኤባን ወደ ዳር አወጣችው። ሴቭ አደረገች። መስመሩ አልተንቀሳቀሰም።

ልቅሶው ቆመ። በዚህኛው ጊዜ አልቀጠለም።

ወደ ሳሎን ስትወጣ ሰዎቹ እየተነሡ ነበር። የተቆጣ የለም፣ ያፈረም የለም። ሽማግሌው ከእፍኛቸው ያልበሉትን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መልሰው መዳፋቸውን አራገፉ። ጥግ ላይ የነበሩት ሁለት ሴቶች ስለ ውኃ ተራ እያወሩ ወጡ። ወንበሮቹ ሰዎቹን ተከትለው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ፤ አንዱ የምንጣፉን ጫፍ አጥፎት ሄደ። ሀሴት እንባዋን በመሐረብ ጠረገች።

«ይቅርታ ሶልዬ። እዚህ አይደለም አሉ።»

«እና የት ነው?»

ሀሴት የእጅ አንጓዋ ላይ የበራውን የእድሩን ጽሑፍ አየች፤ አንብባ እንዳልገባት ሰው ደግማ አየችው።

«የትም አይደለም ይላል» አለች። «እንግዲህ ወደ ሥራ ልመለስ። የጠዋቱ ፈቃድ ይቆጠርልን ይሆን?»

«አላውቅም።»

«በይ ደህና ዋይ» አለችና ጉንጯን ስማት ወጣች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከመስኮቱ ሥር ድንኳኑ ምሰሶዎቹን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ታጠፈ። ሶልያና ምንጣፉን በእግሯ አቃናች። የፈለገችውን አግኝታለች፤ ይህ ግልጽ ነው። ለምን ቁጭ ማለት እንዳቃታት ግን ግልጽ አልነበረም። ያፌት ያረፈ ጊዜ ድንኳን አይተከል፣ ሰው አይምጣ ብላ ነበር። በማስተካከያው ውስጥ ምርጫው ስለነበረ ለምን ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እዚህ ሳሎን ሰው ተቀምጦ ያጽናሽ ሲላት ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያው ነው፤ የመጡት ደግሞ በስህተት ነው። ከሁለቱ የትኛው ግራ እንዳጋባት አላወቀችም።

አቶ ኪሩቤል መስኮቱ ላይ ቆመዋል።

«መኪናው መንገድ ቀየረ» አሉ። «ሰው ከሌለ በጊዜውም አይጠብቁም። አሁኑኑ ይወስዱታል።»

«አቶ ኪሩቤል።»

«አቤት።»

«ስመዘግበው ከሥርህ ማን ይጻፍ አልኩት። ክፍት ይሁን፣ የሚመጣ ሰው ይኖር ይሆናል አለኝ። ኤዲተሩ ክፍት መስመር አይቀበልም አልኩትና ዘለልኩት።»

«ትክክል ነዎት፣ አይቀበልም።»

«አሁን ሥሩ ማንም የለም አይደል?»

አቶ ኪሩቤል ከመስኮቱ ዞር አሉ። ምን ልትል እንደሆነ ከሷ በፊት የገባቸው መሰሉ።

«ወይዘሮ ሶልያና፣ ይህማ የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ስም ሁለት ቦታ አይቆምም። ከሱ ሥር ለመግባት ከያፌት ሥር መውጣት አለብዎት።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ሐዘኑ እስኪያበቃ። ሦስት ቀን።»

«ከዚያ መመለስ እችላለሁ?»

«ጸሐፊዋ እርስዎ ነዎት፤ ማን ይከለክልዎታል። ግን በመካከል አንድ ነገር ቢሆኑ፣ እግዜር አያድርገውና፣ የሚሄዱት የጋራ መሬት ነው፤ ከሱ ጎን። እኔም ሌላም ሰው መስመርዎን ልናንቀሳቅሰው አንችልም። ጸሐፊ ሲሞት የራሱን መስመር ሌላ ሰው አይነካውም።»

ሶልያና በጣቷ ሦስት ቆጠረች።

«እንግዲህ ሦስት ቀን አልሞትም» አለች።

አቶ ኪሩቤል በዚህ ጊዜ ሳቁ። «በኔ ዕድሜ አንድ ምሽትም ዋስ የሚሆን የለም» አሉ። «እሺ፣ ደረጃ ሲወርዱ መደገፊያውን ይያዙ።»

ወደ መኝታ ቤት ተመለሰች። የራሷን መስመር ቆርጣ አነሣችው። ያፌት መንግሥቱ ዳር ላይ፣ ሥሩ ባዶ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። የእርዳታው ድምፅ ሳትጠራው መጥቶ «እርግጠኛ ነዎት?» አላት።

ከኤባ ስም በኋላ ኢንተር ተጫነች። ጠቋሚው ዳር ላይ ቆመ። በራሱ አልገባም፤ ራሷ ያዘዘችው ስለሆነ መገረም አልነበረባትም፣ ሆኖም ጠበቀችው። ከዚያ የባዶ ቦታውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጊዜ ተጫነችና ስሟን ጻፈች።

ኤባ ደሬሳ
    ሶልያና ተፈሪ

ሴቭ አደረገች። መስመሩ ባስቀመጠችበት ቆየ።

ግድግዳው ጡሩንባውን ነፋ። ከታች የተጠቀለለው ድንኳን መጋዘን ሳይደርስ ከመንገድ ተመልሶ ምሰሶዎቹን ይዘረጋ ጀመር። ደረጃው ላይ የወንበሮቹ እግር ተሰማ። ሰዎቹ ተመለሱ። በየቀድሞ ቦታቸው ተቀመጡ፤ ሽማግሌው ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው «ነፍስ ይማር» አሏት፣ ጠዋት ያላሏት ይመስል። አንዳንዱ ግራ ገብቶት ዙሪያውን ያያል፣ አብዛኛው ግን ምንም አልመሰለውም። ጥግ ላይ ያሉት ሁለት ሴቶች አፋቸውን ሸፈኑ።

ሀሴት የመጨረሻዋ ሆና እያለከለከች ገባች። ከሶልያና ጎን ተቀምጣ እጇን ያዘች።

«እዚሁ ነው አሉ» አለች። «ቆይ ሶልዬ፣ አሁንስ ጨነቀኝ። ጠዋት ሰው የለኝም አልሽ፣ ቀጥሎ የትም አይደለም ተባለ፣ አሁን ደግሞ... ሰውየው ምንሽ ነበር?»

ሶልያና የሚሆነውን ቃል ፈለገች። ባሌ፣ ወንድሜ፣ ዘመዴ፣ ጎረቤቴ፤ የትኛውንም ስታነሣው ሰውየው ላይ አልሆን አለ።

«ገና አላወቅሁም» አለች።

ሀሴት ትንሽ አየቻት። ከዚያ መልሱ የበቃት ይመስል ራሷን ነቀነቀች።

«እሺ። ስሙን ማን ብዬ ላልቅስ?»

«ኤባ» አለች ሶልያና። ጮክ ብላ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው። «ኤባ ደሬሳ።»

ሀሴት ስሙን ይዛ አወጣችው፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ከታች መኪናው ደርሶ ቆመ። ሶልያና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ መደገፊያውን ይዛ ደረጃውን ወረደች፣ ከሬሳው ፊት ገብታ ተቀመጠች። መኪናው ወደ የጋራው መሬት ሲታጠፍ ስታለቅስ ነበር፤ ለማን እንደሆነ የጠየቃት አልነበረም።